ሁለት ሸራ በአንድ ቀለበት

ጥቅምት 3

አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሳልመልስ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይቅር በይኝ። ስልክ ደግሞ አትወጂም። በመዶሻ የደነዘዘ ጆሮሽ ላይ ከመጮህ እጄን ማድከም ይሻላል ብዬ ይኸው ቁጭ አልኩ። አዎ፣ ምሳዬን በሰዓቱ እበላለሁ። ታካሚያችንም ደህና ነው።

አዲሱን ሥራ ላስረዳሽ። ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ነገር ናት። ጠጠር መውጫዋን ሲዘጋባት ታብጣለች፣ ትመግላለች። ልቡ ጠንካራ የሆነ ሰው በቀዶ ሕክምና ያስወጣትና ይገላገላል። ልቡ ማደንዘዣውን የማይችል ሰው ግን ከጎኑ፣ በቆዳው በኩል ቱቦ ይገባለትና ፈሳሹን የሚቀበል ፕላስቲክ አንጠልጥሎ ይኖራል። እኛ አሁን የምንማረው ከውስጥ የሚኬድበትን መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራና አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተን ጨጓራ ውስጥ እንደርሳለን። አልትራሳውንዱ ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ከረጢት ያሳየናል። ሁለቱን ግድግዳዎች እንበሳና በሁለቱም ጫፍ ከንፈር ያለው ቀለበት እንተዋለን፤ አንዱ ከንፈር ከረጢቷ ውስጥ፣ ሌላው ጨጓራው ውስጥ። መግሉም ሐሞቱም በቀለበቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ውጭ የሚንጠለጠል ነገር የለም።

መጀመሪያ ሲያሳዩን ሳቄ አመለጠኝ። አለቃዬ «ምን ያስቅሃል?» ሲለኝ «ይሄ እኮ የአክስቴ ሥራ ነው» አልኩት። የጭነት መኪና ሸራ ስትሠሪ ሁለት ሸራ ደርበሽ በአንድ የብረት ቀለበት የምትይዣቸው ትዝ ብሎኝ ነው።

እስቲ ንገሪኝ፣ ቀለበቱ የላይኛውን ሸራ ብቻ ይዞ ታችኛውን የሚስተው ለምንድን ነው? ያኔ ምን ይሆናል? ከሆነ በኋላስ ይስተካከላል? ለመለማመጃ የሚሆን ድርብ ሸራ ከነቀለበቱ ብትልኪልኝ ደግሞ ውለታሽ ነው። ሁለት ሦስቱን አንቺው ምቺያቸው። ሾፌሮቹ በመዶሻሽ ከንፈሩ ወደ ቀኝ ሳሳ ያለውን ቀለበት ሲያዩ «የሷ ነው» የሚሉትን ለዝምተኛዋ ላሳያት እፈልጋለሁ። ዝምተኛዋ አብራኝ የምትማረው ሐኪም ናት፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣትም።

የአንቺው ጥድፊያ


ጥቅምት 15

ጥድፊያ፣

ደህና ነኝ። ይህን ካልኩ ወደ ቁጣዬ ልግባ።

ስለ ታካሚ ማን ጠየቀህ? እኔ የጠየቅኩህ ስለ ምሳህ ነው። ሰው ሳይጠየቅ «ደህና ነው» ካለ ደህና ያልነበረ ነገር አለ። ደግሞ አንድ ነገር በሦስት አፍ ነው የጠየቅከኝ፦ ቀለበቱ ለምን ይስታል፣ ሲስት ምን ይሆናል፣ ከሳተ በኋላ ይስተካከላል ወይ። ልጄ፣ ማንን ጎዳህ?

መልሱን ታውቀዋለህ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለህ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነግሬሃለሁ። ቀለበቱን ከሥር በሁለቱም ሸራ አሳልፈው። ከዚያ መዶሻ አታንሣ። ቀለበቱን ወደ ራስህ ሳበው። ታችኛው ሸራ ተጎትቶ መጥቶ ከላይኛው ጋር ሲገጥም እጅህ ላይ ይከብድሃል። እኔ ይህን «መለሰልኝ» ነው የምለው። ካልመለሰልህ መሃላቸው ባዶ ነው። ያኔ ብትመታው የላይኛውን ብቻ ነክሶ ይቀራል፤ ሾፌሩም መንገድ ላይ ሸራው እየተርገበገበ ሲሄድበት አንተን ይረግማል።

አንተ መሳቡን አትረሳም ነበር። የምትረሳው መጠበቁን ነው። ይህን ስም ያወጣሁልህ ለቁልምጫ ይመስልሃል?

ስድስት ድርብ ሸራ ልኬልሃለሁ። ሦስቱ ተመትተዋል፣ ሦስቱን አንተ ትጨርሳቸዋለህ። ጥቅሉን ፖስታ ቤት ያደረሰልኝ ጎረቤቴ አናጢው ነው፤ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ ብዬሃለሁ።

አክስትህ


ኅዳር 2

አክስቴ፣

ከአንቺ ምን ይደበቃል! እሺ፣ ልናገር።

የመጀመሪያው ታካሚዬ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሠርግና ምላሽ ነበር። በሳሁ፣ የታችኛውን ከንፈር ከረጢቷ ውስጥ ከፈትኩ፣ ሳብኩ። ሳብኩ እንጂ አልጠበቅኩም። የላይኛውን ስከፍተው ጨጓራው ውስጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ነው የከፈትኩት። ሐሞቱ ወደማይሄድበት መፍሰስ ጀመረ። አለቃዬ ቱቦውን ከእጄ ተቀብሎ፣ በዚያው ቀለበት ውስጥ ረዘም ያለ ሌላ ቱቦ አሳልፎ እስከ ጨጓራው አመጣውና ቀዳዳውን ዘጋው። ሰውዬው ዘጠኝ ቀን ተኝተው በእግራቸው ወጡ። ሲወጡ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። ያ ምስጋና ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። ለአንቺ የጀመርኩትን ደብዳቤ የቀደድኩት ያኔ ነበር።

ከዚያ ሸራሽ መጣ። ለዝምተኛዋ አሳየኋት፤ በየምሳ ሰዓቱ በሩን ዘግተን ስንጎትት ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ደርሶብን ምን እንደምናደርግ ጠየቀን። ይቆጣል ስል ኮቱን አውልቆ እሱም ሳበ! «አክስትህ ደመወዝ ይከፈላት» አለ።

ትናንት ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህርት መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው በመድኃኒት ነው የሚሠራው፣ ትኩሳታቸው አልወርድ ብሏል። አለቃዬ ቱቦውን ለኔ ሰጠኝ። «አንተ ነህ» አለ። አክስቴ፣ ሳብኩ፤ ከዚያ ጠበቅኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተኛ ወይ ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅኩ። ከበደኝ። መለሰልኝ! የላይኛውን ከንፈር ከፈትኩት፤ መግሉ በቀለበቱ በኩል ገንፍሎ ወደ ጨጓራው ሲወርድ በካሜራው አየነው። መግል አይቶ እልል ማለት ያማረው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ጠዋት ትኩሳታቸው የለም። መነጽራቸውን አስመጥተው የታካሚ መዝገባቸውን ማረም ጀምረዋል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የመታሻቸውን ሦስት ቀለበቶች ደጋግሜ አየኋቸው። ከንፈራቸው የሳሳው ወደ ግራ ነው። ሦስቱም። ማን ነው የመታቸው?

ጥድፊያ


ኅዳር 12

ልጄ፣

አንጀቴን አራስከው! ደብዳቤህን ለአናጢው ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱም መግሉ ጋ ስደርስ ምሳውን ተወው። መምህርቷን ሰላም በልልኝ። ጥበቃውንም ፈልገህ አግኛቸውና የተሳሳትከውን ንገራቸው። ተነግሯቸው ከሆነ ድገመው። ካልተነገራቸው ግን ያ ምስጋና ያለ ቦታው ነው የገባው።

ቀለበቶቹን የመታቸው አናጢው ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚህ በላይ ስለ ቀለበት አትጠይቀኝ።

ደህና ነኝ።

አክስትህ


ኅዳር 19

አክስቴ፣

ጥበቃውን ሄጄ ነገርኳቸው። አለቃዬ ቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። «የአንተን አፍ ስጠብቅ ነበር» አሉኝ። አመሰግንሻለሁ።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። አናጢው ዘንድ ደወልኩ። «ቀለበት? እኔ ምስማር እንጂ ቀለበት መትቼ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ሰው ዝም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አርባ ዓመት በቀኝሽ የመታሽ ሴት በድንገት በግራሽ አትመቺም። ቀኝ ክንድሽን እያነሣሽ አይደለም። በቀኝ ጎንሽ ምን አለ?

ከዚህ በላይ አልጽፍም። መልስሽን ቆሜ ነው የምጠብቀው።


ኅዳር 27

ጥድፊያ፣

ያ አናጢ! ምላሱን በመጋዝ ባስቆርጠው ደስ ባለኝ።

በግራዬ የመታሁት አታይም ብዬ ነው። አንተ እኮ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የማታይ ልጅ ነበርክ። አሁን ይህን ማየት የጀመርከው ከየት የመጣ ነው?

እሺ። በነሐሴ መጨረሻ ቀኝ ጎኔን ወጋኝ፤ ሦስት ቀን ጋዝ ነው እያልኩ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን አናጢው ተሸክሞ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐሞት ከረጢቴ መግላለች አሉ። ቀዶ ሕክምና ልቤ አይችልም አሉ። ቱቦ ከጎኔ አስገቡና ፕላስቲክ አንጠልጥለው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። ዳንሽ ይሉኛል። መዳኑን ድኛለሁ፤ ግን ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ቱቦው ይጎተታል። ሁለት ጊዜ ወጥቶብኝ እንደገና አስገቡት። ጠረጴዛው ላይ ጎኔን ማስደገፍ አልችልም። መዶሻ በቀኜ ከያዝኩ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ፕላስቲኩን በሽርጤ ሥር ሸጉጬው ስዞር አናጢው «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ብሎኝ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ አሳቀኝ፤ ስስቅ ደግሞ ቱቦው አመመኝ።

ያን የጥቅምቱን ደብዳቤህን ሳነብ፣ በቆዳ በኩል ቱቦ ገብቶለት ፕላስቲክ አንጠልጥሎ የሚኖር ሰው ያልከው ጋ ስደርስ፣ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ስለ እኔ የምትጽፍ ነው የመሰለኝ።

ያልነገርኩህ ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ነው። ተቆጣኝ፤ ይገባኛል። ያለ መዶሻ መኖር ግን ኑሮ አልሆነልኝም። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አክስትህ


ታኅሣሥ 4

አክስቴ፣

አልቆጣሽም። አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

እዚያ ያሉት ሐኪሞችሽ የምርመራ ውጤትሽን ልከውልኛል፤ እጃቸው ይባረክ፣ ሕይወትሽን ያተረፉት እነሱ ናቸው። ውጤቱን አለቃዬም ዝምተኛዋም አይተውታል። ሦስታችንም ያልነው አንድ ነው፦ ይሆናል። ቀለበቱን ከውስጥ እናስገባለን፣ የጎንሽ ቱቦ ይወጣል።

እኔ ግን አልሠራልሽም። የሥጋ ዘመዱን የሚነካ ሐኪም እዚህ የለም፤ ደንብ ነው፤ ደንቡ ባይኖርም እጄን አላምነውም ነበር። የምትሠራልሽ ዝምተኛዋ ናት። እኔ ከሠራኋቸው ከመምህርቷ በኋላ ያሉትን ሦስት ታካሚዎች የሠራችው እሷ ናት፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ይህን ጠይቀሽኝ ሳይሆን በፈቃዴ ነው የነገርኩሽ፤ ስለዚህ እንዳትጠረጥሪኝ።

አደጋ የለውም አልልሽም። ጥበቃው የደረሰባቸው ሊደርስ ይችላል። ሊደማም ይችላል። ልብሽንም እንጠብቃለን። ይህን ሁሉ መዝነሽ ወስኚ። እንቢ ካልሽ ቱቦሽን ይዘሽ ትኖሪያለሽ፤ እኔም በየወሩ እየመጣሁ አይሻለሁ። ነይ ብዬ ግን እለምንሻለሁ።

ጥድፊያ


ታኅሣሥ 11

ልጄ፣

ይህን ስጽፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እኔም የቀደድኩት አለ።

ሞት አላስፈራኝም ብል ውሸት ነው፤ ያስፈራኛል። ከሱ በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በጥበቃው ስትሳሳት ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ መጻፍ አቃተህ። በኔ ላይ የሆነ ነገር ቢሆን ያ እጅህ ሁለተኛ ቱቦ ይነካል? ሰው ያድናል የተባለ እጅ በኔ ምክንያት ኪስ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም። ከዚህ ሁሉ በግራዬ እየመታሁ ብኖርስ ብዬ ነበር።

ከዚያ ትናንት አንድ ሾፌር መጣ። ባለፈው ወር የሠራሁለትን ሸራ ይዞ። ቀለበቶቹን በጣቱ እየነካ «ይሄ የሷ አይደለም፣ አታታልሉኝ» አለ። እኔው ፊቱ ቆሜ! እኔ ነኝ የመታሁት ብለው አላመነኝም። ሽርጤን ገልጬ ፕላስቲኩን ባሳየው ደንግጦ ሸራውን ጥሎ ሊሄድ ነበር።

እመጣለሁ። ማክሰኞ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ረቡዕ እደርሳለሁ። አናጢው ይሸኘኛል፤ ሲያወራ መንገዱ ያጥራል። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ፦ ምንም ይሁን ምን፣ በማግስቱ ሥራ ትገባለህ።

አክስትህ


ጥር 20

አክስቴ፣

በሰላም ገብተሻል ብሎ አናጢው በስልክ ነግሮኛል፤ ከዚያም አርባ ደቂቃ ሌላ ሌላ ነገር ነገረኝ። መልሴን ሞተሩ ዋጠው እንጂ ከአውቶቡሱ መስኮት የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። ተኝተሽ ሳለ ምን ሆነ ላልሽው ይኸው መልሱ።

የካሜራውን ቱቦ ያልነካሁት ደንቡ ስለማይፈቅድ ነው፤ አለቃዬ ግን አንዲት ሥራ ፈቀደልኝ። በቀኝሽ በኩል፣ ያ ስትረግሚው የከረምሽው የጎንሽ ቱቦ አጠገብ አቆመኝ። ሐሞት ከረጢትሽ በቱቦው ተጠጥታ ተኮማትራ ስለነበር ለዝምተኛዋ አትታያትም ነበር። በዚያው ቱቦ በትልቅ መርፌ የጨው ውሃ ቀስ እያልኩ ሞላሁባት። አልትራሳውንዱ ላይ ስትነፋ አየናት። አራት ወር ያሰቃየሽ ነገር መንገድ አሳየን። ስለዚህ ርግማንሽን አንሺለት።

ዝምተኛዋ በሳች። የታችኛውን ከንፈር ከፈተች። ሳበች። ከዚያ ቆመች።

«ክፈቺው» ልላት አፌ ድረስ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩ። የልብ መከታተያሽ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እሷ ትጠብቃለች። አለቃዬም ሰዓቱን አላየም። በመጨረሻ በጠዋቱ ገብታ እስከዚያ ቃል ያልወጣት ሴት «መለሰልኝ» አለች።

ይህን ቃል እኔ አላስተማርኳትም። ለካ ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ አንብባዋለች።

ከፈተችው። የጨው ውሃውም፣ መግሉም፣ ሁለት ትንንሽ ጠጠሮችም በቀለበቱ ተግተልትለው ወደ ውስጥ ወረዱ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ነርሷ «ታካሚ ተኝቷል!» ብላ ጮኸች፣ ከሁላችንም በላይ ያጨበጨበችው ግን እሷ ናት። እኔ መርፌውን እንደያዝኩ ጎንሽ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ። ይህን ማንም አላየም ብዬ ነበር፤ ሁሉም አይቷል።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ቃሌን ጠብቄያለሁ። የጎንሽ ቱቦ በወጣበት ቀን ደግሞ ዝምተኛዋ አቅፋሽ ያለቀሰችው ምን ብለሻት እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።

ቀለበቱ እዚያው ይቆያል፤ በየስድስት ወሩ መጥተሽ እናየዋለን። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ደብዳቤ እንዳትጽፊ። አናጢው ይደውል። ሸራዎችሽ ሥልጠና ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አዲስ የሚመጣ ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ ያንን ይስባል።

ጥድፊያ


የካቲት 8

ልጄ፣

ለዝምተኛዋ ያልኳት በኔና በእሷ መሃል ይቅር። ሁለት ዝም የሚል ሰው ያለበት ወሬ አይወጣም፤ አንተና አናጢው ከዚህ ውጡ።

ቁስሌ ደርቋል፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ጠባሳ ነው የቀረው። ጎኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ መቁረጥ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን መዶሻው ባዕድ ሆነብኝ። ስድስት ቀለበት አበላሸሁ። ተናድጄ አለቀስኩ፣ ከዚያ ምሳዬን በልቼ ተመለስኩ። በሰባተኛው ቀለበት ሳብኩ፣ ጠበቅኩ፣ መለሰልኝ፣ መታሁት። ድምፁን በደነዘዘው ጆሮዬ ሳይቀር ሰማሁት። አናጢው ከግድግዳው ማዶ «መጣሽ!» ብሎ ጮኸ።

ያ ሾፌርም ተመልሶ መጣ። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «እሷ ከየት ተገኘች?» አለ። አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ አንተም፣ ስለ ዝምተኛዋም። ሆዱን እየዳበሰ ነው የወጣው።

ስምህን እለውጥልሃለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ጥድፊያ ሆነህ መጠበቅ መቻልህ ነው የሚያኮራኝ። እንደ ልጅ አሳድጌህ እንደ ሐኪም አዳንከኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራለሁ፤ የሠራችው እሷ ናት ብትለኝም አልሰማህም፣ ጆሮዬ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ደህና ነኝ። በዚህ ጊዜ ማስረጃ አለኝ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ቁራጭ ሸራ አለ፤ ሰባተኛው ነው። አትጣደፍ። ወደ መስኮቱ ይዘኸው ሂድና ከንፈሩ ወዴት እንደሳሳ እየው።

አክስትህ